የፅዮን መድኃኒትና የጓዳው እባብ

በከተማችን በጎንደር የአንዱን ቤት በር አንኳኩታችሁ «ራሴን አሞኛል» ብትሉ፣ ከውኃው በፊት መድኃኒቱ ይቀርብላችኋል። የቤቲቱ እመቤት ከመደርደሪያ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ታወርዳለች። በውስጡ ካለፈው ዓመት የተረፈ፣ ጎረቤት ያወረሰው፣ ስሙ የተፋቀ፣ ቀለሙ የደበዘዘ እንክብል ተቀላቅሎ ተኝቷል። «ይህ ቀዩ ለእኔ በጅቶኛል፤ ውሰደው» ትላለች። እንግዳውም አመስግኖ ይውጣል። በግ ሲገዛ ጥርሱን ፈልቅቆ የሚያይ ሰው፣ ወደ ገዛ ሆዱ የሚያስገባውን ነገር ስሙን እንኳ አይጠይቅም።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስቀየም አይደለም ብል እዋሻለሁ። መቀየም የሚገባው ሰው ቢቀየም ደስ ይለኛል።

ነገሩ የሆነው በአዘዞ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ወር፣ በነቢያት ጾም ውስጥ ነው። ወይዘሮ አባይነሽ የንስሐ ልጄ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ እየሸጠች አንዲት ልጇን ፅዮንን ያሳደገች፣ ጾም የማትገድፍ፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ብርቱ ሴት ናት። ይሁን እንጂ በጓዳዋ፣ ከጎታው ሥር፣ እባብ ትቀልብ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በአንዳንድ ቤት ሰው የማይጎዳ ቡናማ እባብ ከጎታ ሥር ይገባል። የሚገባው አይጥ ፍለጋ ነው፤ ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም። ሰዎቹ ግን ይህን አይጥ አሳዳጅ የቤት አድባር አድርገው ይሾሙታል፤ ስሙን ላለመጥራት «እንግዳው» ይሉታል፤ ወተት በገበቴ ያቀርቡለታል። ፅዮን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በተነሣችበት ዕለት ከአልጋዋ ሥር እባብ ተገኘ። የአባቷ እናትም «የዚህች ልጅ ዕድሜ ከእንግዳው ዕድሜ ጋር ታስሯል፤ እሱ ከሞተ እሷም አትተርፍም» ብላ ፈረደች። ልጅቱ በማለዳ በጥምቀት የእግዚአብሔር ልጅ ሆነች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእባብ ጥገኛ ተደረገች። አባይነሽ ያንን ፍርድ ዐሥራ ስድስት ዓመት ተሸክማ ኖረች። እርሷ ከወተት በምትጾምበት ወራት እባቡ ወተት ይቀርብለት ነበር።

እኔም ከዚህ ነቀፋ አልወጣም። በየወሩ ቤቷን ጠበል ስረጭ ያንን ገበቴ እያየሁ እንዳላየሁ ተራምጄው አልፍ ነበር። የንስሐ ልጁን ላለማስቀየም ዝም የሚል ካህን ትሑት አይባልም፤ ሰነፍ ይባላል።

በዚያ ታኅሣሥ ፅዮን ደረቷን ታመመች። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሳንባ ምች መሆኑ ተነግሯት አሞክሳሲሊን የተባለው እንክብል ሃያ አንድ ፍሬ ተሰጣት፤ በቀን ሦስት፣ እስከ ሰባት ቀን፣ አንድም ሳይቀር። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ አለ። ያን ሰሞን ብርዱ በርትቶ ነበርና እባቡም አፉን ከፍቶ፣ አረፋ እያወጣ፣ ከጎታው ሥር ሳይንቀሳቀስ ተገኘ። አባይነሽ ይህን ባየች ጊዜ ነጠላዋን አንሥታ ከቤት ወጣች።

ጎረቤቷ በላቸው የሚባል ሰው ነው። በአንድ ክሊኒክ ደጃፍ ዐሥራ አንድ ዓመት ዘበኛ ሆኖ ሠርቷል። በዚህ ምክንያት ሰፈሩ «ዶክተር» ብሎ ይጠራዋል፤ እርሱም ሳያፍር «አቤት» ይላል። አባይነሽ የሮጠችው ወደ እርሱ ነበር።

«ምነው አያ በላቸው፣ ምን ይሻለኛል?»

«ይህ ምን ይጠየቃል? በሽታቸው አንድ ነው። እሷም ደረቷን፣ እሱም ደረቱን። ዕድሜያቸው የታሰረ አይደል? መድኃኒቱን አካፍያቸው።»

«ለሰው የተሰጠ ለእሱ ይሆናል?»

«አንቲባዮቲክ አንቲባዮቲክ ነው! ስንት ዓመት በዐይኔ አይቼ! ፍሬውን ከፍተሽ ዱቄቱን በወተት በጥብጪና በአፉ አንቆርቁሪለት። ደግሞ እንዳታሳንሺ፤ እባብ እኮ ራሱ መርዝ ነው፤ ጥቂቱ አይሰማውም።»

ይህን ምክር እባካችሁ መለስ ብላችሁ አንብቡት። ያ እባብ በአፉ ጠብታ መርዝ አልነበረውም። መርዙ የነበረው በመካሪው አፍ ነው። አባይነሽ ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ ልጇን ያከመውን የተማረ ሰው ቃል ትታ፣ የሌላ ክሊኒክ በር ሲጠብቅ የኖረውን ሰው ቃል ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ፅዮን በጠዋት አንድ ፍሬ ብቻ ትውጣለች፤ ሁለቱ ለእባቡ ይሄዳሉ። ልጅቱ ስትጠይቅ እናቲቱ «ትኩሳቱ ለቆሻል፤ መድኃኒት ሲበዛ ልብ ያደክማል» አለቻት። እባቡን በአገልግል ጥጥ አንጥፋ አስተኛችውና ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለመጠበቅ እንዲመቻት ከፅዮን አልጋ ሥር አኖረችው።

በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጠበል ልረጭ ስገባ ልጅቱን አላወቅኋትም። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ትንፋሿ ከደጅ ይሰማል፤ ስትስል የያዘችው መሐረብ ላይ ደም አየሁ።

«ምነው ልጄ፣ መድኃኒቱን አልወሰድሽም እንዴ?»

«ወስጄ ነበር አባ፤ እማዬ በቀን አንድ ይበቃሻል ብላኝ ነው።»

ወደ እናቲቱ ዞርሁ። «የተረፈው የት አለ?»

መሬት መሬት እያየች «ለእንግዳው አካፈልሁት» አለች።

«ለማን?»

«አይቆጡኝ አባ። እሱ ከዳነ እሷ ትድናለች። እሱ ከሞተ እሷ ሺህ ፍሬ ብትውጥ ምን ይረባታል?»

ጎንበስ ብዬ ከአልጋው ሥር አየሁ። እባቡ በነጭ ጥጥ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ልጅቱ በተቀደደ ጋቢ ተሸፍናለች። ፅዮን የማየውን ዐውቃ «አባ፣ ለእኔም ጥጥ ቢያስነጥፉልኝ እኮ ደኅና ነበር» አለች፤ ልትሥቅ ስትል ሳል ያዛት።

መቋሚያዬን አነሣሁ። እናቲቱ በአገልግሉ ላይ ተደፋች።

«መጀመሪያ እኔን ይምቱኝ! ልጄን ሊገድሉብኝ ነው?»

«ልጅሽን የምትገድያት አንቺ ነሽ! ተነሺና ሆስፒታል እንውሰዳት።»

«እሱን እንዲህ ሆኖ ጥዬ ንቅንቅ አልልም። እኔ ስወጣ ቢሞትስ?»

ዐርባ ዓመት መጽሐፍ አንብቤ፣ ቅኔ ዘርፌ፣ ስንቱን ሽማግሌ አስታርቄ፣ አንዲትን ሴት ከአንድ የታመመ እባብ ማላቀቅ አቃተኝ። ልጅቱን ብቻዬን ተሸክሜ እንድሄድ ዕድሜዬ አይፈቅድም። እናቲቱ የምትነቃነቀው እባቡን የሚረከባት ሰው ሲገኝ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ስለዚህ መስቀሌን እንደያዝሁ መንገዱን ተሻግሬ የእባብ ሐኪም ልለምን ሄድሁ። የዚያን ሰዓት ውርደት አልረሳውም።

ማዶ ያለው ቤት የጨርቅ ነጋዴው የአብዱልመናን ቤት ነው። ልጁ ፈትሂያ የእንስሳት ሕክምና ተምራ የምትሠራ ወጣት ናት። ነገሩን ስነግራት አልሣቀችም፤ ቦርሳዋን አንሥታ ከማቀዝቀዣ አንዲት ብልቃጥ ጨመረችና ተከተለችኝ። እንደገባች መጀመሪያ የፅዮንን ግንባር ዳሰሰች፤ ወዲያው ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ አባይነሽ፣ ውል እንግባ። የእርስዎን እንግዳ እኔ እይዛለሁ፤ እርስዎ ልጅዎን ይያዙ። አሁኑኑ ሆስፒታል።»

«ማይልኝ።»

«ወላሂ፣ እስኪድን ወይም እስኪሞት ድረስ አልተወውም።»

«እስኪሞት አትበይ!»

«ሊሞት ይችላል እትዬ። አልዋሽዎትም።»

አባይነሽ ሥራዋን ሳታይ እንደማትሄድ ስላወቀች ፈትሂያ ፈጥና ጀመረች። የበርበሬውን ሚዛን አስመጣች። በመጀመሪያ ባዶ የጨርቅ ከረጢት መዘነች፤ ቀጥላ እባቡን በከረጢቱ አድርጋ መዘነች። መቶ ሰማንያ ግራም ሆነ።

«ይኸው፣ ከሩብ ኪሎ በርበሬ ያንሳል። እርስዎ የሰጡት ግን ለሙሉ ሰው የሚሰጥ ነው፤ ያውም በቀን ሁለቴ። ደግሞ ይህ ገና አድጎ ያልጨረሰ ነው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት ከየት አመጣ? የፊተኞቹ ሞተው ሌላ ተተክቶ ይሆናል እንጂ።»

«ሕመሙ ነው ያሳነሰው» አለች አባይነሽ፤ ሌላ ለመስማት አልፈቀደችም።

ፈትሂያ ያደረገችውንና የተናገረችውን በጥሞና ስለሰማሁ እዚህ አሰፍረዋለሁ። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከአካባቢው ነው፤ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ሆዱም አይሠራም፣ መድኃኒቱም በውስጡ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከመድኃኒት በፊት ሙቀት ያስፈልገዋል አለች። ለብ ያለ ውኃ በጠርሙስ ሞልታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ከአገልግሉ ባንድ ወገን ብቻ አስቀመጠች፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ስፍራ እንዲኖረው። ወተት ለእባብ ምግብ አይደለም፤ ትንፋሽ ላጠረው እባብ በአፉ ሲያንቆረቁሩበት ወደ ሳንባው ይወርዳል፤ ንጹሕ ውኃ በሣሕን ይበቃዋል። መድኃኒቱን በክብደቱ ልክ አስልታ፣ እጅግ በቀጭን መርፌ፣ ከሰውነቱ የፊተኛው ሲሶ ላይ ወጋችው፤ ኩላሊቱ ያለው ወደ ኋላ ነውና። የሚቀጥለው መርፌ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ በእባብ ሰውነት ውስጥ መድኃኒት ቶሎ አይወጣምና ቀን በቀን መደራረብ መግደል ነው አለች። በመጨረሻም አገልግሉን ከልጅቱ ክፍል አውጥታ ጓዳ አኖረች፤ እባብ በራሱ ላይ የማይታይ ጀርም ይዞ ሊዞር ይችላልና ሁላችንንም በሳሙና አስታጠበችን። ብልቃጧን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አንዲት ጠብታ ለማንም አልተወችም።

በላቸው ይህን ሁሉ በሩን ተደግፎ ሲመለከት ነበር።

«በሦስት ቀን አንዴ? ኧረ ፈትሂያ፣ አባትሽ ጨርቅ ሲለካ እንኳ እንዲህ አይሰስትም!»

«አያ በላቸው፣ ክሊኒኩ ውስጥ ሲሠሩ በሩን ነበር የጠበቁት ወይስ መድኃኒቱን?»

«በሩን ብጠብቅም ዐይን አለኝ። የላም መርፌ ለእባብ ሲወጉ ግን አላየሁም።»

«እንግዲያው ዛሬ አይተዋል። እኔ ሥራ ላይ ስውል ጠርሙሱ ሲበርድ ውኃውን ይለውጡለት። ሌላ ምንም። ሰምተውኛል? ምንም።»

«ሰምቻለሁ፣ ዶክተር» አለ፤ ማሾፉ ነበር።

አባይነሽ የቤቷን ቁልፍ ለበላቸው አስረክባ ልጇን ደግፋ ወጣች። በሚኒባስ ሆስፒታል አደረስናቸው። ያየቻት ሐኪም ከእናቲቱ አፍ የሆነውን ሰማች። ከዚያም በሽታው ተዳክሞ ሳይሞት ሕክምናው በመቋረጡ ተመልሶ እንደተነሣ፣ አሁን በደም ሥር በሚሰጥ መርፌ ሰዓቱ ሳይዛነፍ መታከም እንዳለባት፣ አንድ ቀን ቢዘገዩ ግን ምንም ማለት እንደማትችል ነገረቻት። አባይነሽ ሁሉንም «እሺ» አለች። ሐኪሟ ስትሄድ ግን ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «አባ፣ እንግዳው እንዴት ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። በመስቀሌ ወደ ልጇ አመለከትኋት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ፈትሂያ ሁለተኛውን መርፌ ልትወጋ ስትሄድ ተከትያት ሄድሁ። በሩ ተከፍቶ ነበር። ጠርሙሱ ቀዝቅዟል። እባቡ ተዘርግቶ ሞቷል፤ በአፉ ዙሪያ የደረቀ ወተት፣ በጥጡ ላይ ነጭ ዱቄት፣ ከአገልግሉ አጠገብ የተከፈቱ የእንክብል ልባሶች ሦስት ወድቀዋል። ፈትሂያ አንዱን አንሥታ አየችው።

«ይህ የፅዮን መድኃኒት እንኳ አይደለም። ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል» አለች። ከዚያም እባቡን በጨርቅ ጠቀለለችው። «አባ፣ እኔ ለዚህ እንስሳ ቃል ገብቼ ነበር።»

እኔ የእባብ ሞት አላሳዘነኝም፤ የተሳቢ ፍጥረት ወዳጅ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም። ነገር ግን ያቺ ልጅ ዐውቃ፣ መዝና፣ ሰዓት ቆጥራ የሠራችውን ሥራ አንድ ዘበኛ በአንድ ጭልፋ ወተት ሲያበላሸው ማየት ደሜን አፈላው። በላቸው ግን በቤቱም በደጁም አልነበረም። የት እንደሄደ የገባን ወዲያው ነው። ሚኒባስ ይዘን ወደ ሆስፒታሉ ከነፍን።

ዘግይተን ነበር። ከደረጃው ሥር ሳለን የልቅሶ ድምፅ ሰማን። በላቸው ቀድሞን ደርሶ «እንግዳው ዐርፏል፤ እንግዲህ ራስሽን አበርቺ» ብሏታል። አባይነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ በመተላለፊያው ወለል ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። ሕሙማን የሚያስታምሙ ሴቶች የሞተው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከብበዋት ያለቅሳሉ። ነርሷ እጅጋየሁ «የማን ሬሳ ነው? እኔ ክፍል የሞተ የለም!» እያለች ትጮኻለች፤ የሚሰማት አልተገኘም።

በዚህ መካከል የክፍሉ በር ተከፈተ። ፅዮን በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ፣ በሌላው እጇ ላይ የመርፌው ፕላስተር እንደተለጠፈ ብቅ አለች። ትኩሳቱ ትናንት ለቋታል። ፊቷ ገርጥቷል፤ ዐይኖቿ ግን ጥርት ብለዋል።

«እማዬ፣ ማን ሞተ?»

ልቅሶው ባንድ ጊዜ ተቋረጠ። ሴቶቹ አባይነሽን ያያሉ፤ አባይነሽ ልጇን ታያለች። ከማለዳ ጀምሮ ሞቷን ስትጠብቅ የነበረችው ልጅ ርቦኛል የሚል ፊት ይዛ በፊቷ ቆማለች።

«ገንፎ የለም?» አለች ፅዮን።

መጀመሪያ የተናገረው በላቸው ነበር፤ ሞኝነት መቼም ቃል አያጣም። «ተመስገን! ምትክ ሆነላት! ሞቷን ወሰደላት! እኔ ደግሞ ትናንት ሦስት ፍሬ ጨምሬ ስሰጠው፣ አይ፣ እሱ መሄዱን ቆርጧል ብዬ ነበር።» ከሴቶቹም «እውነት ነው፣ ምትክ ነው» የሚሉ ተሰሙ። እንዲህ ነው፤ እባቡ ቢድን ኖሮ ልጅቱን ያዳናት እርሱ ነበር፤ ሞተም፣ ያዳናት እርሱ ነው። ለእንዲህ ያለ አእምሮ ማስረጃ ማቅረብ ውኃን በወንፊት መቅዳት ነው።

በዚህ ጊዜ አባይነሽ ከወለሉ ተነሣች። ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች።

«ዝም በል በላቸው።»

ዕድሜውን ሙሉ «አያ» ስትለው የኖረች ሴት ናት። ሰውየው ደነገጠ።

«ምትክ የሚባል ነገር የለም። ያንን እባብ እኔና አንተ ነን የገደልነው። እኔ በአራት ቀን፣ አንተ በአንድ ቀን። እሷንም ልገድላት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ከልጄ አፍ ነጥቄ ለትል አጠጣሁ፤ ሰዎች ሆይ፣ ስሙኝ፤ ከልጄ አፍ ነጥቄ! እሱ ሞቷል፤ እሷ ገንፎ ትለምናለች። ዐሥራ ስድስት ዓመት ምን ስፈራ ነበር የኖርሁት?»

ከዚያም ወደ ፈትሂያ ዞራ «አደከምሁሽ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት። ፈትሂያም «ለእኔ ምንም አይደል እትዬ፤ ፅዮንን ያስተኟት፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ነው» ስትል መለሰች። አባይነሽ ልጇን ደግፋ አስተኛችና ነርሷን ጠራች።

«እኅቴ እጅጋየሁ፣ የሚቀጥለው መርፌ ስንት ሰዓት ነው?»

«በዘጠኝ ሰዓት።»

«በዘጠኝ ሰዓት» ብላ ደገመችው፤ ጸሎት እንደሚያጠና ሰው ሦስት ጊዜ። ከዚያም እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ነርሶቹ ከሚመጡበት ሰዓት ቀድማ ከበሩ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ፅዮን ከሆስፒታል ስትወጣ በቤት የምትውጠው ተሰጣት፤ የመጨረሻዋን ፍሬ እናቷ ቆማ አስዋጠቻት።

በላቸው ዛሬም በሰፈሩ «ዶክተር» ይባላል፤ ዛሬም «አቤት» ይላል። ይህን ለመለወጥ አልቻልሁም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ቆሜ የራሴን ጥፋት ጭምር ተናገርሁ፤ ጠበል መድኃኒቱን ጣሉ እንደማይል፣ አድባር የተባለው እባብ አይጥ ፈላጊ ብቻ እንደሆነ፣ ካህን አይቶ ሲያልፍ የሚሞተው የሌላ ሰው ልጅ እንደሆነ።

እናንተ አንባብያን ሆይ፣ የሚፈለግባችሁ ከባድ ነገር አይደለም። መድኃኒት የሚሰጠው ተመዝኖ ለአንድ አካል ነው፤ ለሰው የታዘዘው ለሌላ ሰው አይሆንም፣ ለላምም፣ ለዶሮም፣ በጓዳችሁ ለምታኖሩት እባብም አይሆንም። እንስሳችሁ ቢታመም የእንስሳት ሐኪም አለ። በቀን ሦስት ሲባል ሦስት ነው፤ በሦስት ቀን አንድ ሲባልም አንድ ነው። ትኩሳት ሲለቅ በሽታው ሞቷል ማለት አይደለም፤ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ውሰዱ። ይህን ማድረግ የከበደው ሰው ራሱ የፈቀደውን ይዋጥ፤ ልጁን ግን ይተዋት።